ሴንሰሬ ሌሊቱን ሙሉ ያልፈሰሰ ኮረንት ይቆጥራል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (የማስተርስ ተማሪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ የአንድ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል (የባትሪ ዓይነት ነው) ቻርጅ ምን ያህል እንደቀረ፣ የገባና የወጣውን ኮረንት በጊዜ እየደመረ የሚከታተል መሣሪያ እየሠራሁ ነው። ሴሉ 6 አምፔር ሰዓት ይይዛል። ኮረንቱን የምለካው በባለ 30 አምፔሩ ኤሲኤስ 712 ሴንሰር ነው፤ የሚያነበው ደግሞ አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ። ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ ምንም ሳላገናኝበት ትቼው ሄድኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ስመለስ 84 ከመቶ የነበረው 67 ሆኖ ጠበቀኝ፤ በመልቲሜትር ስለካው ግን ቮልቴጁ ንቅንቅ አላለም። አማካሪዬ «ኮድህን አስተካክል» ይሉኛል፤ እኔ ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። ቻርጁን ከቮልቴጅ ብቻ ማወቅ አይሻልም?

የኤሌክትሮኒክስ መምህር፦ ኮድህን ተወው፤ ይልቅ እናስላ። ያ ሴንሰር ለአንድ አምፔር የሚሰጠው 66 ሚሊ ቮልት ነው። አርዱዊኖህ 5 ቮልትን ለ1024 ስለሚከፍል አንዷ እርከን 4.9 ሚሊ ቮልት፣ ማለትም 0.074 አምፔር ገደማ ናት። ዜሮህ፣ ማለትም ኮረንት በሌለበት ሴንሰሩ የሚሰጠው ንባብ፣ በአንዲት እርከን ብቻ ቢዛነፍ በ14 ሰዓት 1 አምፔር ሰዓት ያህል ይከማቻል። የ6 አምፔር ሰዓት 17 ከመቶ ስንት ነው? የጠፋብህ ይኸው። ሴሉን ነቅለህ የጥቂት መቶ ንባቦችን አማካይ ውሰድና ዜሮህን በእሱ አስተካክል።

የባጃጅ ባትሪ ጠጋኝ፣ አዳማ፦ መምህሩ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን የዚያ ሴንሰር ዜሮ ከሙቀት ጋር ስለሚንሸራተት ነገም ያስቸግርሃል። ባለ 10 ሚሊ ኦም ሻንት (ኮረንቱ የሚያልፍበት ትንሽ ሬዚስተር) እና በሻንቱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ የሚለካ አይኤንኤ 226 ቺፕ አግኝ፤ እስከ 8 አምፔር ድረስ ሩብ ሚሊ አምፔርን እየለየ ይነግርሃል። ሁለቱ የመለኪያ ሽቦዎች ግን ከራሱ ከሻንቱ ጫፍ ይነሡ። እኔ በስንፍና ከብሎኑ ላይ አስሬያቸው ነበር፤ ብሎኑ በላላ ቁጥር «ኮረንቱ» እየጨመረ አንድ ሳምንት አባክኖብኛል።

ሌላ አባል፦ ስለ ቮልቴጁ፦ ለላፕቶፕ ሴል ቢሆን ካሳረፍከው በኋላ ይሠራልህ ነበር። የአንተ ዓይነቱ ግን ከ20 እስከ 80 ከመቶ ባለው ውስጥ የሚለዋወጠው በጥቂት አሥር ሚሊ ቮልቶች ብቻ ነው። ቮልቴጁን ጫፍ ላይ ተጠቀምበት፤ 3.65 ቮልት ደርሶ ኮረንቱ ወደ 0.3 አምፔር ሲወርድ ቆጣሪህን 100 በለው። የሙቀት ሴንሰር ካለህም የሴሉ የብረት ገላ ላይ በሙቀት አስተላላፊ ቅባት አጣብቀው፤ ፕላስተር ሥር ከተንጠለጠለ የሚነግርህ የክፍልህን አየር ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዜሮውን አስተካክዬ አሳደርኩት፤ የቀነሰው 3 ከመቶ ብቻ ነው። ሆኖም ረፋድ ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ንባቡ እንደገና ሸሸ፤ ጠጋኙ እንዳሉት ማለት ነው። ሻንት እየፈለግሁ ነው። ለአማካሪዬ ደግሞ የመምህሩን ስሌት በወረቀት ጽፌ ወስጄላቸዋለሁ።