ከከብትና ከበግ አልፎ የት ልማር?
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ የምሠራ፣ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከብትና በግ ላይ ብዙም አልቸገርም። አሁን ግን ዶሮ አርቢው በዛ፤ ድመት አቅፎ የሚመጣም አለ፤ ከባቲ በኩል ደግሞ የግመል ጥያቄ አይጠፋም። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ መጠኑ ሌላ ነው፦ በኪሎ ሲሰላ ለላም የሚበቃው ዛይላዚን (እንስሳ የሚያረጋጋ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት) ለፈረስ ከሚሰጠው 1/10 ገደማ ነው። እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ይህን ከጓደኛ ወሬ መልቀም ሰለቸኝ። የሚደርሰን ሥልጠና ሁሉ ያው የከብት ክትባት ነው (አበሉ ባይከፋም)። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቢሾፍቱ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ አጭር የተግባር ሥልጠና እንዳለ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። በተለይ ግመልና ዶሮ። ሥራ ሳልለቅ፣ ቅዳሜና እሁድ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።