የጣሪያ አየር ማናፈሻ የጋራ ዕቅድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ቤት ቁጥር 14፦ የየካ አባዶ ቤቶቻችንን ረቂቅ እዚሁ እናስተካክለው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ከውጭው አየር ይብስ ይቀዘቅዛል። ከቤት የወጣው እንፋሎት ሥሩ ላይ ጤዛ ይሆንና ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። በበጋ፣ ዝናብ ሳይጥል የሚመጣ ቡናማ እድፍ የሚስማር ቀዳዳ በሲሊኮን ስለተደፈነ አይቆምም።

ለመነሻ የአሜሪካን የመኖሪያ ቤት ኮድ እንያዝ። የኮርኒሱን ስፋት 1/150ኛ ክፍት ይጠይቃል፤ ከዚህ ከ40 እስከ 50 በመቶው ከአናቱ በ90 ሳ.ሜ. ውስጥ፣ ቀሪው ታዛው ላይ ከሆነ ግን 1/300ኛ ይበቃል። 10 በ12 ሜትር ለሆነ ቤት የመጀመሪያው 8,000፣ ሁለተኛው 4,000 ካሬ ሳ.ሜ. ይመጣል። እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ፤ ግማሹ ከታች፣ ግማሹ ከላይ።

ቤት ቁጥር 31፦ ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን ግንበኛው 2,000 ከተባለ 2,000 ቆርጦ ይሄዳል፤ ላሜራ (ዝናብ የሚከለክሉ አጋዳሚ የቆርቆሮ ቅጠሎች) እና ወንፊት ሲገባበት ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ይጠፋል። ስለዚህ ረቂቁ የሚቆረጠውን ልክ ይጻፍ። ከታች በሁለቱ ረጅም ታዛዎች 20 በ30 ሳ.ሜ. አራት አራት፦ 4,800 ተቆርጦ 2,400 ይተርፋል። ከላይ በሁለቱ ሦስት ማዕዘን የጎን ግድግዳዎች 40 በ50 አንድ አንድ፦ 4,000 ተቆርጦ 2,000። የታችኛው ትንሽ ይብለጥ፤ የላይኛው ከበለጠ የጎደለውን አየር ከማእድ ቤት በመብራት ቀዳዳ እየሳበ እንፋሎቱን ይጨምርብናል።

ቤት ቁጥር 8፦ ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረውን ማናፈሻ ለምን አንገዛም? ግድግዳ መቁረጥ ይቀርልናል።

ቤት ቁጥር 31፦ ጋሼ፣ ታዛው እንደተዘጋ እሱ ቢሽከረከር ምን ይስባል? ከጎን ግድግዳው ክፍት ጋር ከተገጠመም ቅርቡ ካለው ክፍት ስቦ እዚያው ያስወጣዋል፤ የታዛው ጥግ እንደታፈነ ይቀራል። ኢጋ ቆርቆሮ ቀድዶ ክረምት ሳያፈስ የሚገጥም ሠራተኛ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ቤት ቁጥር 22፦ ዋናው ነገር ቀርቷል። ወፍ እንዳይገባ ተብሎ በቶፕ ታይ ቢሙ (ግድግዳውን ከላይ በሚያስረው የኮንክሪት ማሰሪያ) እና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት በሞርታር ተደፍኗል። የታዛውን ኮርኒስ ብቻ መቅደድ ገንዘብ መጣል ነው፣ አየሩ ከታዛው አያልፍም። በእያንዳንዱ ክፍት ትይዩ ሞርታሩ 60 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 5 ሳ.ሜ. ከፍታ ይሰበር፤ ከአንዱ ክፍት ከሚተርፈው ጋር እኩል 300 ካሬ ሳ.ሜ. ነው። ካፕሪያታውን (ቆርቆሮውን የተሸከመውን የጣሪያ ማዕቀፍ) ያሰረው ብረት ግን አይነካ፤ ነፋስ ሲነሣ ጣሪያውን የሚይዘው እሱ ነው።

ወንፊቱ የማይዝግ፣ ቀዳዳው 3 ሚ.ሜ. ይሁን። የትንኝ ወንፊት በጠጠር መንገዳችን አቧራ ቶሎ ይደፈናል፤ ከ5 ሚ.ሜ. በላይ የሆነው ደግሞ ንብ ያስገባል (መንጋው ኮርኒስ ውስጥ ከሠፈረ በኋላ ማስወጣቱ ሌላ በጀት ነው)። በግንቦትና በመስከረም ይቦረሽ።

ቤት ቁጥር 14፦ ተቀብያለሁ። የላይኛው ላሜራ ዝናብ እንዳይገፋበት 45 ዲግሪ ወደ ውጭ ያዘንብል። የመታጠቢያ ቤት ወይም የምጣድ እንፋሎት ቱቧቸው ኮርኒስ ውስጥ የሚያበቃ ቤቶች ቅድሚያ ቱቦውን ከቆርቆሮ በላይ ያውጡ፤ ያለዚያ ክፍቱ እጥፍ ቢሆንም አይበቃም።

ቤት ቁጥር 8፦ የሚሽከረከረው ማናፈሻ ይቅር። ጣሪያቸው አንድ ሆኖ መካከሉ እስከ ቆርቆሮው በብሎኬት የተዘጋ ጥንድ ቤቶችስ?

ቤት ቁጥር 31፦ እንደ ሁለት ጣሪያ ይቆጠራሉ። ስፋታቸው ያው 120 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ያላቸው የጎን ግድግዳ አንድ ስለሆነ እዚያው 50 በ80 ይቆረጥ፣ 80ው አግድም። የታዛው ቁጥር አይለወጥም። ሁለቱን ዓይነት ለየብቻ እስላለሁ፤ የብሎኬት መቁረጫና የወንፊት ዋጋ ቤት ቁጥር 22 ይጠይቁልን።