ፈቃዳችን ቡሆማ፣ አልጋችን ሩሻጋ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች! ኡጋንዳ ሄዳችሁ ጎሪላ ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ከእናቴ ጋር በሩዋንዳ ኪጋሊ ገብተን፣ ኡጋንዳ ብዊንዲ ጫካ ጎሪላ፣ ኪባሌ ጫካ ቺምፓንዚ አይተን፣ ኬንያ ማሳይ ማራ ላይ ልንጨርስ ነው ሐሳባችን። የጎሪላ ፈቃድ ከአፍሪካ ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ ሩዋንዳ ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር ነው፤ ኡጋንዳ 800። ለሁለት ሰው ልዩነቱን አስቡት! ስለዚህ ድንበር መሻገሩን መረጥን።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አስጎብኚው ፈቃዱን የቆረጠልን ከብዊንዲ መግቢያዎች አንዱ በሆነው በቡሆማ በኩል ነው። አልጋ የያዘልን ደግሞ ሌላኛው መግቢያ ሩሻጋ። ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። ግን አንዱ ከጫካው ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ነው፤ የተራራው መንገድ ሰዓታት ይፈጃል። ወደ ጎሪላዎቹ ከመውጣታችን በፊት የሚሰጠው ገለጻ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ቡሆማ ነው። ስደውልለት «ሌሊት ትነሳላችኋ፣ ምን ችግር አለው» አለኝ። እሱ ምን አለበት፣ የሚንገላታው ሌላ!

እንደ እኔ አልጋውን ወደ ቡሆማ ማዞር ይሻላል። ለኪባሌም መንገዱ ከዚያ ይቀናል። ግን ከኪጋሊ ቡሆማ በአንድ ቀን መግባት ጉልበቷን ለሚያማት ሴት አይከብድም? ወይስ መሀል ላይ ማደር ይሻላል? የት?

ሌላው፣ መራመድ ያቃተውን ሰው ተሸካሚዎች በቃሬዛ ያወጡታል ሲባል ሰምቻለሁ። ቀድሞ ይያዛል ወይስ እዚያው ጠዋት ነው የሚጠየቀው? እናቴ ግን ስነግራት «ሬሳ ነኝ እንዴ!» ብላኛለች።