የብድር መተግበሪያ ውል በስልክ ላይ እንዲነበብ እንዴት ይዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ የብድር መተግበሪያ የአገልግሎት ውል 14 ገጽ ነው። ተበዳሪው «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ከመጫኑ በፊት ዋናውን ነገር በትክክል እንዲረዳ ምን ይደረግ?

ዲዛይነር፦ ከላይ አጭር ማጠቃለያ አድርጉ፦ ወለዱ ስንት ነው፣ ክፍያ ቢዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው፣ ከስልኩ ምን መረጃ ይወሰዳል። እያንዳንዱ መስመር ሲነካ ወደ ሙሉው አንቀጽ ይውሰድ። ፊደሉ ከ16 ፒክስል አይነስ፣ የመስመር ክፍተቱም የፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ አካባቢ ይሁን። የካዕብና የሣልስ ቅጥያዎች በትንሽ መጠን ይጠፋሉ። ውሉን በምስል መልክ ፈጽሞ አትጫኑ፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም ምስሉን በአስተማማኝ ሁኔታ አያነብም።

ጠበቃ፦ በማጠቃለያው ላይ እጨምራለሁ። «ወለድ የለውም» ብሎ ታች «የአገልግሎት ክፍያ» ማስከፈል ክርክር ይጠራል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ጠቅላላ ክፍያ በብር አሳዩ። «ተስማምቻለሁ» የሚለው ሳጥን አስቀድሞ ምልክት አይደረግበት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፕላኔት49 በተባለ የኢንተርኔት ዕጣ አዘጋጅ ድርጅት ጉዳይ በ2019 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው ምልክት እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ብሏል። እኛም ዘንድ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ የመረጃ ፈቃዱን ከውሉ ለይታችሁ ጠይቁ። ተጠቃሚው የተስማማበትን የውል ቅጂ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡ፤ ውሉ ሲሻሻል የድሮው አይጥፋ።

ዲዛይነር፦ ትክክል። አንድ የሚረሳ ነገር፦ «እስከ 12 ሰዓት ይከፈል» ሲባል አንዱ ምሽት፣ ሌላው እኩለ ሌሊት ብሎ ይረዳዋል። «ከምሽቱ 12 ሰዓት» በሉ፤ ከቀኑም ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍ።