መናፈሻው ውስጥ የቆሙት ፊት የሌላቸው ሰዎች፦ ይነሱ ብዬ ልፈርም?

የጠዋት እግረኛ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለዩት። ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን ይዤ መናፈሻ እንሄዳለን። ከአምስት ሳምንት በፊት ሣሩ መሀል ሰባት የብረት ሰዎች ተተከሉ። ቁመታቸው ከሁለት ሰው ይበልጣል፣ ሰውነታቸው ቀይ ዝገት ለብሷል፣ ፊታቸው ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ክፍት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። በቀዳዳው ሰማይ ይታያል።

የመጀመሪያ ቀን አባባ እውነተኛ ሰዎች መስለዋቸው ቆም ብለው «እንደምን አደራችሁ» አሉ። መልስ የለም። ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምን አስቀየምናቸው?» አሉኝ። ልቤ ተሰበረ። እነዚህን ብረቶች ያን ቀን ጠላኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ግን የማየው ነገር ግራ አጋብቶኛል። ሕፃናት በእግሮቻቸው መሀል እየሾለኩ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ይዛ በሌላ መንገድ ትዞራለች፤ «ሲመሽ ሙታን የተነሡ ይመስላሉ» አለችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ከሥራ የሚመለስ የሚመስል ሰው ግንባሩን አንዱ ብረት ላይ አስደግፎ ረጅም ጊዜ ሲቆም አየሁ። ምን ሆኖ እንደሆነ አላውቅም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩም። ሌሊት ላይ ሁለቱን ቀለም የረጨባቸውም አለ።

አሁን በሩ ላይ «ይነሡልን» የሚል ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። እስክሪብቶ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ። የሚያናድደኝ ቅርጹ ይሁን ሌላ ነገር ለራሴም አልለየልኝም። አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር አባባ የሚያርፉበት፣ ዛፉ ሥር የነበረው አግዳሚ ወንበር ለእነሱ ቦታ ሲለቀቅ ተነቅሏል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ብረት ሠሪ፦

እህቴ፣ ስለ ፊርማው አንቺ ታውቂያለሽ። ስለ ብረቱ ግን ልናገር፣ ሥራዬ ነውና። «ዝጎ ያረጀ ቁርጥራጭ ነው የተከሉብን» የሚል ካለ ተሳስቷል። ሲሠራ ጥቂት መዳብ፣ ክሮሚየምና ኒኬል የሚቀላቀልበት ኮርተን የሚባል ብረት አለ። የላዩ ዝገት ጥቅጥቅ ብሎ ይጣበቅና የውስጡን ቶሎ ከመበላት ይከላከልለታል። ለዚህ ግን እየረጠበ መድረቅ አለበት። ሥሩ ውሃ ከተኛበት እንደ ማንኛውም ብረት ይበላል።

መጀመሪያ አካባቢ ዝናብ ሲመታው ብርቱካናማ ውሃ ያወርዳል፤ ድንጋይም ልብስም ያበላሻል። ቀን በፀሐይ ይግላል። ሕፃናት ይሾልካሉ ካልሽ የእግሩንና የቀዳዳውን ጠርዝ በእጅሽ ዳብሺው፤ በሞረድ ካልለሰለሰ ይቆርጣል። ቀለሙንም ማንም ተነሥቶ በሽቦ ብሩሽ እንዳይፍቀው፤ ዝገቱ አብሮ ይለቅና ቦታው ለብዙ ጊዜ ተለይቶ ይታያል።

የሠፈሩ ሰው፦

እኔ ፈርሜያለሁ፣ አላፍርበትም። ውበቱን ወይም አስቀያሚነቱን አይደለም የምከራከረው። ማን ጠየቀን? አንድ ማለዳ ስንነቃ ቆመው አገኘናቸው። ሥዕል ቤት ያለን ነገር ካልወደድኩት አልገባም። መናፈሻ ግን ወደ ቤቴ የማልፍበት ነው፤ አላይም ማለት አልችልም። የአባትሽ ወንበር መነቀሉ ለእኔ ከበቂ በላይ ምክንያት ነው።

ቀራፂ ነኝ፦

የሠፈሩ ሰው ያሉት እውነት አለው፤ የሙያ ጓደኞቼ ቢቀየሙኝም እላለሁ። በኒውዮርክ የሆነውን ላንሣ። አሜሪካዊው ቀራፂ ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የመንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለ አደባባይ ላይ 36 ሜትር ርዝመት፣ ከ3.6 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዘመም ያለ የብረት ግድግዳ አቆመ፤ ከዚሁ ከኮርተን የተሠራ። አደባባዩን አቋርጦ ማለፍ የለመደ ሠራተኛ መዞር ግድ ሆነበት። በ1985 ሦስት ቀን የፈጀ ስብሰባ ተደርጎ 122 ሰው ይቆይ፣ 58 ሰው ይነሣ ብሎ ተናገረ። ቢሆንም እንዲነሣ ተወሰነ። ፍርድ ቤትም ደርሶ በ1989 ሌሊት ላይ ተቆራርጦ ተወሰደ። የብዙዎቹ ምሬት መንገዳችን ተዘጋ የሚል ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል፤ መንገዱ ቀድሞ ቢታሰብ ሥራው እስከ ዛሬ ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ አሜሪካ፣ ቺካጎ ላይ በ1967 የታዋቂው ሠዓሊ የፒካሶ ትልቅ የብረት ቅርጽ ሲቆም አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል በቦታው የቤዝቦል ተጫዋች ሐውልት ይቁም ብለው ነበር። ዛሬ ሕፃናት መሠረቱ ላይ ይንሸራተቱበታል። ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉ ባልና ሚስት አርቲስቶች ደግሞ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው የኒውዮርክ ትልቅ መናፈሻ ውስጥ 7,503 ብርቱካናማ በሮች ለመትከል ከ1979 ጀምረው ጠየቁ፣ በ1981 ተከለከሉ፣ በ2005 ተፈቅዶላቸው አቆሙ። የቆየው 16 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ለስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ጠይቂ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አባትሽን ወስደሽ አስነኪያቸው። ቅርጽ ለዓይን ብቻ አይደለም የሚሠራው። ኖርዌይ፣ ኦስሎ ከተማ፣ በቀራፂው ቪጌላንድ ሥራዎች የተሞላው መናፈሻ ውስጥ ያለው የሚያለቅስ ሕፃን ነሐስ ነው፤ ግራ እጁ የወርቅ ያህል የሚያብረቀርቀው ሰው ሁሉ እየነካው ነው።

የጠዋት እግረኛ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ፀሐዩ ሳይበረታ አባባን ወሰድኳቸው። መጀመሪያ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ከአንደኛው ጉልበት ጀምረው እስከደረሱበት ድረስ ዳበሱ። የብየዳውን መስመር በጣታቸው ተከትለው «እዚህ ጋ ሠሪው ቸኩሏል» አሉ። ሦስተኛው ላይ ቆዩ። «ይሄኛው እንደኔ አርጅቷል፣ ጀርባው ጎብጧል» አሉ። እኔ አምስት ሳምንት ሙሉ እያየሁት መጉበጡን ልብ አላልኩም ነበር። መዳፋቸው ቀይ ሆኖ ቤት ገባን፤ እስከ ምሳ አልታጠቡም።

አልፈረምኩም። ለመናፈሻው አስተዳደር ግን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ ወንበሩ ወደ ዛፉ ሥር ይመለስ፣ እስከ መቼ እንደሚቆዩም በግልጽ ይነገረን ብዬ። የሠፈሩ ሰው፣ ይህኛው ላይ አብረውኝ ቢፈርሙ ደስ ይለኛል። ብረት ሠሪ፣ የሦስተኛው እግር ሥር ውሃ ተኝቷል። ምን ብዬ ልጻፍ?

የሠፈሩ ሰው፦

ለወንበሩ እፈርማለሁ። የመጀመሪያውን ፊርማዬን ግን አላነሣም።

ብረት ሠሪ፦

«የቆመበት ኮንክሪት ተዳፋት ስለሌለው ውሃው አይወርድም፤ መፍሰሻ ይበጅለት» ብለሽ ጻፊ። ፎቶ አንሥተሽ አያይዥበት፤ ከዝናብ ማግስት ቢሆን ይሻላል። ለአባትሽም ንገሪያቸው፤ ብየዳው ላይ ያሉት ልክ ሳይሆን አይቀርም።