የአንገት አጥንት 7 ሆኖ የአንገት ነርቭ ለምን 8 ሆነ?

ሚኪ፦ ሰላም ናችሁ? የአናቶሚ ፈተና ደርሶብኛል፣ የነርቭ ሥርዓት ላይ ግን ተደነባብሬያለሁ። አንጎልና ህብለ ሰረሰር ማዕከላዊ፣ ከነሱ የሚወጡት ነርቮች ደግሞ ዳርቻዊ የሚባለው ገብቶኛል። ያልገባኝ ሁለት ነገር ነው። የአንገት አከርካሪ 7 ነው፣ ነርቩ ግን 8 ጥንድ ነው ይላሉ። ደግሞ ህብለ ሰረሰር ወገብ ላይ የሚያልቅ ከሆነ የእግር ነርቮች ከየት መጡ? ሽምደዳ ሰልችቶኛል፣ ምክንያቱን ንገሩኝ።

ዶክ በቅርቡ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል። 1ኛው ነርቭ የሚወጣው በራስ ቅልና በ1ኛው አጥንት መሃል ነው። እስከ 7ኛው ድረስ ነርቩ ከአጥንቱ በላይ እየወጣ ይወርዳል። ከ7ኛው አጥንት በታች አንድ ቀዳዳ ይተርፋል፣ 8ኛው በሱ ይወጣል። ከደረት ጀምሮ ግን ነርቩ ከአጥንቱ በታች ነው። ድምሩ፦ አንገት 8፣ ደረት 12፣ ወገብ 5፣ ሳክረም (ከወገብ በታች ያለው አጥንት) 5፣ ጭራ አጥንት 1፣ በጠቅላላው 31 ጥንድ። ከአንጎል የሚወጡት 12 ጥንድ ለብቻቸው ይቆጠራሉ።

ኤልሲ፦ 8ኛውን በራስህ ላይ ፈልገው። ክርንህን ከውስጥ በኩል ጠረጴዛ ሲመታህ ትንሿ ጣትህና የቀለበት ጣትህ ግማሽ ይነዝርሃል አይደል? የተመታው አልናር ነርቭ ነው። ክሮቹ በዋናነት ከ8ኛው የአንገትና ከ1ኛው የደረት ነርቭ ይመጣሉ። የተመታው ክርን፣ የሚነዝረው ጣት፤ ምክንያቱም አንጎል ክሮቹን የሚያውቃቸው ስሜት በሚያመጡበት ቦታ፣ ማለትም በጣቱ ነው።

ነርሷ፦ ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ጽንስ እያለን ህብለ ሰረሰሩ የአከርካሪውን ቦይ ሞልቶት ነበር። በኋላ አጥንቱ ፈጥኖ ሲያድግ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። አዋቂ ሰው ላይ 1ኛውና 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። የእግር ነርቮች ግን የሚነሱት ከዚያው ከታችኛው ጫፉ ነው፤ መውጫ ቀዳዳቸው ታች ስለቀረ ቦዩ ውስጥ እንደ ፈረስ ጭራ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። ከጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ መርፌው በ3ኛውና በ4ኛው ወይም በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መሃል የሚገባውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ህብለ ሰረሰር የለም።

ሚኪ፦ ኧረ ተባረኩ! አውቶኖሚኩንስ፣ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራውን፣ የት ላድርገው?

ዶክ በቅርቡ፦ ለፈተናው ዳርቻዊ ስር አድርገው፣ ትዕዛዙ ግን ከላይ፣ አንጎል ውስጥ ካለው ከሃይፖታላመስም ይመጣል። ሲምፓቴቲኩ፣ ሰውነትን ለአደጋ የሚያነቃው፣ መሃል ላይ ነው፣ ከ1ኛው ደረት እስከ 2ኛው ወገብ። ፓራሲምፓቴቲኩ፣ የሚያረጋጋው፣ ላይና ታች ነው፦ ከአንጎል ነርቮች 3ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው፣ ከዚያ ከሳክረም 2ኛው እስከ 4ኛው። 10ኛው፣ ቬገስ የሚሉት፣ ልብም ሳንባም አንጀትም ጋ ይደርሳል።

ኤልሲ፦ አንድ ወጥመድ ልጨምር። ከ12ቱ የአንጎል ነርቮች ውስጥ 2ኛው፣ የማየት ነርቭ፣ ስሙ ነርቭ ይሁን እንጂ የአንጎል ቅጥያ ነው። ማይሊኑን (የነርቭ ክሩን የሚሸፍነውን ስባማ ልባስ) የሚሠሩለት ኦሊጎዴንድሮሳይቶች የሚባሉ የማዕከላዊው ሥርዓት ሴሎች ናቸው፣ እንደ ዳርቻዊዎቹ ሽዋን ሴሎች አይደሉም። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው በሽታ የማዕከላዊውን ማይሊን ሲያጠቃ ይህንንም የሚነካው ለዚህ ነው። መምህራን ይህቺን ጥያቄ ይወዷታል።