«ለ12 ዓመት ልጅ ይበቃል»

እናት ዘሰባተኛ፦ እዚህ አሜሪካ የልጄ የሰባተኛ ክፍል መምህር የምሥራቅ እስያን ታሪክ በነፃ የኢንተርኔት ቪዲዮ ነው የሚያስተምረው። አየሁት፤ ስምንት ደቂቃ ነው። «ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ በሯን ዘግታ ተቀመጠች፣ እ.ኤ.አ. በ1853 የአሜሪካ የባሕር ኃይል አዛዥ ፔሪ መጥቶ ከፈተላት» ይላል። ናጋሳኪ አጠገብ ደጂማ ደሴት ላይ የነበሩት ሆላንዶችስ? ቻይናውያን ነጋዴዎቹስ? በቱሺማ ደሴት በኩል ከኮሪያ ጋር የነበረው ንግድስ? መምህሩን ብጠይቀው «ለ12 ዓመት ልጅ ይበቃል» አለኝ።

ሸገር 77፦ እውነቱን ነው። ከቻይና ሥርወ መንግሥታት ታንግ አለ፣ ሶንግ አለ፣ ሞንጎል አለ፣ ሳሙራይ አለ። አንቺ ደጂማ ላይ ሙጭጭ አልሽ።

ቡና በጨው፦ እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊበን «ኢትዮጵያውያን ሺህ ዓመት ያህል ተኙ» ብሎ መጻፉን ስትሰማ ግን ጨጓራህ ይነዳል። ለጃፓን ሲሆን ይበቃል?

ሸገር 77፦ ጊበንን ማን ጠራው?

የድሮ መምህር፦ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ አይደለም፣ የመራጩ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን በነፃ ባስቀመጠው ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፊልሞር በፔሪ እጅ ለጃፓን ንጉሠ ነገሥት የላከው ደብዳቤ አለ። ኤም አይ ቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አሜሪካኖቹና ጃፓኖቹ ስለ ፔሪ መምጣት የሳሉትን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጎታል። ከጃፓኖቹ ፔሪን አፍንጫው የረዘመ ጋኔን ያደረጉት አሉ። ይህን አሳይታችሁት ጥያቄ የማይጠይቅ ልጅ ካለ ጥሩኝ።

ሸገር 77፦ ጋሼ፣ የዚያን ዘመን እንግሊዝኛ የትኛው ልጅ ያነባል? የኔው የቤት ሥራውን መመሪያ እንኳ አያነብም!

የድሮ መምህር፦ ሁለት አንቀጽ ቆርጦ መስጠት ነው። ይበቃል።

ቡና በጨው፦ ኧረ እርስዎም «ይበቃል» አሉ!

ሸገር 77፦ ይልቅ የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ታላቁ ልጄ የኮሪያ ጦርነትን የተማረበት ቪዲዮ ላይ ቃኘው የለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ቡሳን የገባው፣ አንድም ምርኮኛ ያላስያዘው ቃኘው! ከ120 በላይ ሰው ሞቶበት ስሙ እንኳ አይነሳም።

ቡና በጨው፦ ለልጅ ይበቃላ!

ሸገር 77፦ ይሄ ሌላ ነው።

እናት ዘሰባተኛ፦ ምኑ ነው ሌላ?

ሸገር 77፦ ደም ነው የፈሰሰው። ደጂማ ላይ ስኳር ነው የተሸጠው።

ቡና በጨው፦ ፔሪ በአራት የጦር መርከብ የመጣው ስኳር ሊገዛ ነዋ!

እናት ዘሰባተኛ፦ ጋሼ፣ የሥዕሎቹን ሊንክ ይላኩልኝ። ለመምህሩ ዛሬውኑ እልክለታለሁ።

ሸገር 77፦ ስትልኪ ቃኘውንም ጨምሪበት።

ቡና በጨው፦ ስንት ደቂቃ ይበቃዋል?